በትንሹ ባቡር ላይ ስለሚገጠመው የአየር ፍሬን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



በአውሮፓና በአሜሪካ እውነተኛውን የእንፋሎት ባቡር ስምንት ጊዜ አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መጫወቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ከሰል ይበላል፣ ውሃ ያፈላል፣ ከኋላው በተቀጠሉት ፉርጎዎችም ላይ ልጆችንና አዋቂዎችን አስቀምጦ ይጎትታል። ሰው የጫነ ነገር ደግሞ መቆም መቻል አለበትና፣ ዛሬ ልናስረዳችሁ የምንወደው ስለ መሄጃው ሳይሆን ስለ ማቆሚያው፣ ይኸውም ስለ አየር ፍሬኑ ቫልቭ ነው።

አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ለመጀመሪያው የአየር ፍሬን የፈጠራ መብት ሲያገኝ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ነጂው የታመቀ አየር በቧንቧ ሲልክ አየሩ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም የሚይዘውን ብረት ከመንኰራኵሩ ጋር ያጣብቀዋል። ነገር ግን ቧንቧው የተበጠሰ እንደ ሆነ አየሩ ያመልጣል፤ ፍሬኑም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል።

እንዲህ ያለው ጉድለት ምን እንደሚያስከፍል በ1889 በአየርላንድ በአርማ ከተማ አጠገብ ታየ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገት ላይ ቆመ። ሠራተኞቹም ግማሹን ቀድመን እንውሰድ ብለው የኋላዎቹን ፉርጎዎች ፈቷቸው። የባቡሩ ፍሬን ከመኪናው ጋር ካልተያያዘ የማይሠራ ነበርና፣ በእጅ ፍሬንና በድንጋይ ብቻ የተያዙት ፉርጎዎች ቁልቁል ተንደርድረው ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተጋጩ። ሰማንያ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ልጆችም ነበሩባቸው። የእንግሊዝ ፓርላማ የመንገደኛ ባቡር ሁሉ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ዌስቲንግሃውስ ግን ሐሳቡን አስቀድሞ በ1872 ገልብጦት ነበር። በየፉርጎው ሥር አንድ የአየር ማጠራቀሚያ፣ አንድ ሲሊንደርና አንድ ባለ ሦስት ሥራ ቫልቭ አደረገ፤ ማጠራቀሚያውን ይሞላል፣ ፍሬኑን ያስይዛል፣ ይለቃልም። ቧንቧው ሁልጊዜ አየር እንደ ሞላ ይኖራል። በቫልቩ ፒስተን ላይ በአንድ ወገን የማጠራቀሚያው፣ በሌላው ወገን የቧንቧው ግፊት አለ። ነጂው ከቧንቧው አየር ሲቀንስ ፒስተኑ ወደ ደከመው ወገን ይሄድና ለማጠራቀሚያው አየር ወደ ሲሊንደሩ መንገድ ይከፍትለታል። በቁጥር ብንናገር፣ በካሬ ኢንች 70 ፓውንድ ከነበረው 20 ቢቀነስ፣ ማጠራቀሚያውና ሲሊንደሩ በ50 ፓውንድ ይተካከላሉ። ቧንቧው ቢበጠስስ? አየሩ ሁሉ ይወጣል፤ ፉርጎዎቹም ማንም ሳያዛቸው ይይዛሉ!

አሁን ይህን ቫልቭ በስምንተኛ አሳንሱት። የፒስተኑ ፊት 64 ጊዜ፣ የማጠራቀሚያው አየር ደግሞ 512 ጊዜ ያንሳል። በትልቁ ባቡር ከቁም ነገር የማይገባ ትንሽ ቀዳዳ የትንሹን ማጠራቀሚያ ወዲያው ባዶ ያደርገዋል። የፒስተኑ ቀለበት ሰበቃ ግን በዚያው ልክ አያንስም፤ ስለዚህ ነጂው አየር ሲቀንስ ቫልቩ «አልሰማም» ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት በፒስተኑ ፈንታ ስስ የላስቲክ ሽፋን የሚያደርጉ አሉ፤ ሽፋኑ ይለጠጣል እንጂ አይሰበቅምና። መልኩ ከትልቁ ጋር አይመሳሰልም ብለው የሚነቅፉ አይጠፉም። እኛ ግን የሚመስል ከሚይዝ አይበልጥብንም።

ሌላው ችግር ሰው አለመቀነሱ ነው። 40 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በስምንተኛ ሲሠራ 80 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ በላዩ የሚቀመጠው የ70 ኪሎ ሰው ግን እንደ ነበረ ነው። ለጫነው ፉርጎ የተበጀ ፍሬን ባዶውን ሲይዝ መንኰራኵሩ ጭራሽ ይቆማል፤ በሐዲዱም ላይ እየተንሸራተተ አንድ ጎኑ ይላጫል። ስለዚህ ኃይሉ በባዶው ልክ መመጠን አለበት፤ ባቡሩም ሰው ሲጭን ነጂው ከሩቅ መያዝ ይጀምር።

ወጪውን ፈርተው የ1869ኙን ዐይነት ቀላሉን ፍሬን ብቻ የሚገጥሙ አሉ። በሜዳ ላይ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ልጆች ለሚጭንና ቁልቁለት ለሚወርድ ግን አንቀበለውም።

በጠረጴዛው ላይ የምታዩትን ከሲሪንጅ፣ ከብስክሌት ጎማ ላስቲክና ከቆርቆሮ ሠርተነዋል። አየሩን በብስክሌት መንፊያ ሞልተነዋል። አሁን ቧንቧውን ልናላቅቀው ነውና፣ ከፊት የተቀመጣችሁ መንኰራኵሩን ተመልከቱ።