ገና ስላላሸነፈው ወጣት ፈረስ



ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ከዋለ በኋላ «ፈረሴ ተቀደመ፤ ለጋሪ ልሽጠው» የሚል ሰው አይጠፋም። እናንተም እንዲህ ካሰባችሁ፣ ልጓሙን ለገዢ ከማስረከባችሁ በፊት አፉን ከፍታችሁ እዩ። ፈረስ የመኻሉን የፊት የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጣዮቹን በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹን በ4 ዓመት ተኩል ይለውጣል። የዳሮቹ ገና ካልተለወጡ፣ የተቀደመው ልጅ ሆኖ ነው፤ የጀርባው አጥንት ገና አልጠናም።

ቀጥሎ የፊት እግሩን ጅማት ከጉልበቱ በታች በጣታችሁ ዳብሱ። ሙቀት ወይም እብጠት ካገኛችሁ ሰነፍ አትበሉት፤ ታሟልና እስኪድን አይጋለብ። ይህን ከመመርመር አለንጋ ማንሣት የሚቀለው ጋላቢ ብዙ ነው! ኮርቻውንም አንሥታችሁ ጀርባው ገጣባ አለመሆኑን ተመልከቱ።

ልቡስ? ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ርቀት አስጋልባችሁ፣ 10 ደቂቃ ካረፈ በኋላ እጃችሁን ከግራ ክርኑ በስተኋላ አኑሩ። ለ15 ሴኮንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ፣ ባያሸንፍም እየበረታ ነውና ለመጪው ጥር አቆዩት።