ከአፈር ምርመራ እስከ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ መሐንዲስ ነው። መሐንዲስ ማለት መንገድ፣ ድልድይና ሕንፃ በስሌት አቅዶ የሚያሠራ ባለሙያ ነው። እኚህ መሐንዲስ ዶክተር ዓለማየሁ ተፈራ ይባላሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም የበላይ ኃላፊ ነበሩ። «ታዲያ ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘን አፈር ነው።

ዋልካን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እግር ይይዛል። በጋ ሲሆን ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ቤትም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ግድግዳው ይተረተራል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። እንዲያውም ቶሎ የሚጎዳው ቀላል ቤት ነው። ክብደት ስለሌለው ያበጠው አፈር በቀላሉ ያነሣዋል።

ይህን የአፈር ጠባይ የሚያጠና ትምህርት አለ። በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጅ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ኮሌጁ የእርሱ አካል ሆነ። ዶክተር ዓለማየሁም በዚህ ዩኒቨርሲቲ የአፈርንና የሕንፃ መሠረትን ትምህርት አስተማሩ።

ምርመራው እንዴት ነው? አንዱን እንንገራችሁ። መርማሪው እርጥብ አፈር ወስዶ በመዳፉ እያሽከረከረ እንደ ክር ያቀጥነዋል። ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥኖ መፈርፈር ሲጀምር ያቆማል። ያንን አፈር ይመዝናል፤ በምድጃ ያደርቃል፤ እንደገና ይመዝናል። የጎደለው ክብደት የውሃው ልክ ነው። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችንም ጭቃውን በእጃቸው እያሹ ይፈትኑት የለ? ልዩነቱ ምንድን ነው? ተማሪው መዝኖ ይጽፈዋል። የተጻፈውን ሌላው ያነባል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ዓለማየሁ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጊዜው አስቸጋሪ ነበር። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰባቸው። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከአርባ የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። የዶክተር ዓለማየሁም የፕሬዚዳንትነት ዘመን በ1985 ዓ.ም. አበቃ። ሁለት ዓመት ያህል ብቻ መሆኑ ነው።

ሹመቱ አለፈ። ትምህርቱ ግን አላለፈም። ስለ አፈር ጠባይ ከባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት የማስተማሪያ መጽሐፍ የታተመው ከሹመቱ በኋላ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች ተማሩበት። ወንበር ለሌላ ይተላለፋል፤ በወረቀት የሰፈረ እውቀት ግን ከባለቤቱ እጅ አልፎ ለብዙ ሰው ይተርፋል።

እኛስ ከዚህ ምን እንያዝ? በዋልካ ላይ ቤት ስንሠራ ዋልካው ስስ ከሆነ እስከ ጠንካራው መሬት ቆፍረን መሠረቱን እዚያ እንጣል። ጥልቅ ከሆነ ባለሙያ እናማክር። የተወሰነው ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ ሊሞላና በደንብ ሊጠቀጠቅ ይችላል። የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ እናውጣለት።

ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። ዩኒቨርሲቲ እንደ ድሮው አዲስ አበባ ድረስ ብቻ የሚኬድበት አይደለም። ግን የደጃችንን አፈር ከእኛ ይልቅ ማን ያውቀዋል? ስለዚህ በዚህ በጋ እንጨት ወደ ስንጥቁ አስገብተን ጥልቀቱን እንለካ። ቦታውንና ወሩን ጨምረን በደብተራችን እንጻፍ። ነገ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሊሠራ መሐንዲስ ሲመጣ «አፈሩ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ደብተራችንን እናሳየው።