ከቀዶ ሕክምናው በፊት

አሜሪካዊው ስኮት ዌስተርፌልድ በ2005 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች ያሳተመው «አግሊስ» የተሰኘ ልብ ወለድ አለ። በታሪኩ ከተማ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ በቀዶ ሕክምና «ቆንጆ» ይደረጋል፤ እስከዚያ መጠሪያው «አስቀያሚ» ነው። ታሊ ቀኑን በጉጉት ትጠብቃለች፤ ጓደኛዋ ሼይ ግን ፊቴን አላስነካም ብላ ትኮበልላለች። ኋላ ላይ ሐኪሞቹ አእምሮንም እንደሚነካኩ፣ ቆንጆዎቹም ገራም ሆነው እንደሚቀሩ ይታወቃል።

እኔን የከበደኝ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ነው። ልጆቹ እርስ በርስ የሚጠራሩት በጉድለታቸው ነው፦ የታሊ ጓደኛ ፔሪስ «አፍንጮ»፣ ሼይ «ቀጫጫ»። ቢላዋው ሳይነካቸው ፊታቸውን ጠልተውታል፤ ያስጠላቸው ደግሞ በፍቅር የሚጠራቸው ጓደኛ ጭምር ነው። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጃችሁ በትምህርት ቤት በምን ስም እንደምትጠራ ዛሬ ማታ ጠይቋት።