ፍጉ ከየት መጣ? በማሳችን አፈር ስለሚከማቹ ከባድ ብረቶች



ፍግና ብስባሽ ተጠቀሙ እያልን ስንወተውታችሁ ኖረናል። ዛሬም ምክራችን ያው ነው። አንድ ጥያቄ ግን እንጨምራለን፦ ማሳችሁ ላይ የምትበትኑት ፍግ ከየት የመጣ ነው?

ገለባና ሣር የበላች ላም ፍግ በአብዛኛው ከማሳችን የወጣውን ለማሳችን ይመልሳል። ከትልልቅ የዶሮ እርባታዎች በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ኩስ ግን ይለያል። በፋብሪካ መኖ ላይ መዳብና ዚንክ ይጨመራል። ዶሮዋ የምትጠቀመው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው ከኩሷ ጋር ይወጣል።

ብረት እንደ ናይትሮጅን አይተንም፣ አይበሰብስም። ሰብሉ የሚወስደውም ጥቂት ስለሆነ የቀረው በሚታረሰው አፈር ውስጥ ከዓመት ዓመት ይከማቻል። ፍጉን ማብላላትም አያጠፋውም። ክምሩ በስብሶ ሲያንስ ብረቱ እንዳለ ይቀራል።

ዚንክና መዳብ በመጠኑ ለሰብል ያስፈልጋሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ያምራል፤ የሚያዘናጋንም ይህ ነው። ሲበዙ ግን የሰብሉን ሥርና አፈር የሚያለሙ ረቂቅ ነፍሳትን ይጎዳሉ። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። በግ ደግሞ ከሌሎች ከብቶች ይልቅ በመዳብ ቶሎ ይመረዛል፦ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይሞታል።

ችግሩ በሌላው ዓለምም ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ለአሳማ ግልገሎች በመድኃኒትነት ይሰጥ የነበረውን ዚንክ ኦክሳይድ እ.ኤ.አ. በ2022 ያገደው አንዱ ምክንያት በአፈር ውስጥ መከማቸቱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ፍግ ስትገዙ እንስሳቱ ምን እንደሚበሉ ጠይቁ።

2. የእርባታ ኩስን በየዓመቱ አንድ ማሳ ላይ ብቻ አትበትኑ። ማሳ እየቀያየራችሁ፣ ከቤት ፍግና ከሰብል ተረፈ ምርት ጋር ተጠቀሙ። ለእርባታው ቅርብ የሆነችው የጓሮ መሬት ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ትጫናለች።

3. የዶሮ ጉዝጓዝ ለበግ አትመግቡ። ኩስ በቅርቡ የተበተነበት ሣር ላይም በግ አታሰማሩ።

4. ባትሪ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት አመድና የከተማ ቆሻሻ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩ። ካድሚየምና እርሳስ ለሰብል ምንም አይጠቅሙም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ካድሚየምን በቅጠላቸው ያከማቻሉ።

5. አፈራችሁ አሲዳማ ከሆነ በምርመራው ውጤት መሠረት ኖራ ጨምሩ። ኖራ ብረቱን ከአፈር አያወጣውም፤ ሰብሉ እንዳይወስደው ግን ይይዘዋል።

6. ለዓመታት የእርባታ ኩስ የበተናችሁበት ማሳ ካለ ለልማት ሠራተኛችሁ ንገሩ፤ የአፈር ናሙና ሲላክ ዚንክና መዳብም እንዲታይ አስመዝግቡ።

አረም ይነቀላል፣ ለተባይም መድኃኒት ይረጫል። አፈር ውስጥ የገባን ብረት ግን ለቅሞ የሚያወጣ የለም። መሬቱን ለልጆቻችሁ የምታወርሱ እናንተ ናችሁ፤ ጎረቤታችሁም የሚያየው የእናንተን ማሳ ነው። ዛሬ የሰማችሁትን ለልማት ቡድናችሁ አባላት አድርሱ።