ስለ ፔጊ አሽክሮፍት፤ በቴአትር ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ስለ አንዲት እንግሊዛዊት የቴአትርና የፊልም ተዋናይ ጥቂት ልንነግራችሁ ቆመናል። ስሟ ፔጊ አሽክሮፍት ይባላል። ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በክበባችን ላይ ሁለት ነቀፋ ሲነገር ቆይቷል። አንደኛው፣ ቴአትር ለተማሪ የጊዜ ማባከኛ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተዋናይ የሌላውን ቃል የሚያስተጋባ እንጂ የራሱ አቋም ያለው ሰው አይደለም የሚል ነው። ለነቀፋው በክርክር መልስ ከመስጠት ይልቅ የአንዲትን ሠራተኛ ሕይወት ማቅረብ ይሻላል ብለን አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መኾናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፔጊ አሽክሮፍት የተወለደችው ከሎንዶን በስተ ደቡብ በምትገኘው በክሮይደን ከተማ በ1907 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ላይ ነው። አባቷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ሞቱ። እናቷ ግን ቴአትር ወዳድ ነበሩና ልጅቱ ግጥም ማንበብና መጫወት የጀመረችው ገና በሕፃንነቷ ነው። በ16 ዓመቷ ኤልሲ ፎገርቲ የሚባሉ ሴት በሎንዶን ይመሩት ወደ ነበረው የንግግርና የድራማ ትምህርት ቤት ገባች። በዚያው ትምህርት ቤት ከእርሷ ጋር ይማር የነበረው ወጣት ሎረንስ ኦሊቪየ ነው። ይህን ስም ሁላችሁም ስለምታውቁት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1926 ተማሪ ሳለች በበርሚንግሃም ከተማ ከራልፍ ሪቻርድሰን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ባለሙያ መድረክ ላይ ወጣች።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልንቆይበት ወደምንወደው ወደ 1930 እንለፍ።

በዚያ ዓመት በግንቦት ወር በሎንዶን ሳቮይ ቴአትር የሼክስፒር «ኦቴሎ» ለሕዝብ ቀረበ። ኦቴሎን ኾኖ የተጫወተው ጥቁሩ አሜሪካዊ ዘፋኝና ተዋናይ ፖል ሮብሰን ነበር። ኦቴሎ በጽሑፉ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን በሎንዶን ታላላቅ መድረኮች ላይ ነጭ ተዋናይ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ሲጫወተው መኖር ልማድ ኾኖ ነበር። ከሮብሰን በፊት በእንግሊዝ አገር ይህን ክፍል በመጫወት ስሙ የታወቀ ጥቁር ተዋናይ ቢኖር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አይራ ኦልድሪጅ ነው። እንግዲህ ለሮብሰን ዴስዴሞና እንድትኾን የተመረጠችው ፔጊ አሽክሮፍት፣ ዕድሜዋ ገና 22 ነበረ።

ዝግጅቱ ራሱ እንከን አላጣውም ነበር። መድረኩ እጅግ ከመጨለሙ የተነሣ ሮደሪጎን ኾኖ ይጫወት የነበረው ራልፍ ሪቻርድሰን መንገዱን የሚያይበት ባትሪ በእጅጌው ደብቆ ይገባ ነበር ይባላል። በመጀመሪያው ሌሊት ግን ተመልካቹ መጋረጃው ከወረደ በኋላ እያጨበጨበ ተጫዋቾቹን ደጋግሞ ጠራቸው።

ነገሩ በጭብጨባ ብቻ አላለቀም። አንድ ጥቁር ሰው አንዲትን ነጭ ሴት በመድረክ ላይ ማቀፉና መሳሙ ያበሳጫቸው ሰዎች ነበሩ። ለፔጊ አሽክሮፍት የስድብ ደብዳቤ ይደርሳት ጀመር። ከዚህም ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሮብሰን በ1929 በሳቮይ ሆቴል ምግብ ቤት እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በዓመቱ ማታ ማታ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ከዚያው ሆቴል ጋር በተያያዘው ቴአትር ቤት ነው። ኦቴሎ የቬኒስን ጦር ለመምራት ይፈለጋል፤ የባለ ሥልጣኑን ልጅ ማግባቱ ግን እንደ ወንጀል ይቆጠርበታል። ድርሰቱ ከተጻፈ ከ300 ዓመት በላይ ቢኾነውም በቴአትሩ ደጃፍ ላይ አዲስ ነበረ።

ፔጊ አሽክሮፍት በኋለኛው ዘመኗ ስለዚህ ነገር ስትናገር፣ የዘር ጉዳይ ፊት ለፊት የመጣባትና በየትኛው ወገን እንደምትቆም የለየችው በዚህ ሥራ ምክንያት መኾኑን ገልጻለች። ልብ በሉ። ይህን ያስተማራት የፖለቲካ ስብሰባ ወይም በራሪ ወረቀት አይደለም። በየማታው የሌላ ሰው ቃል ለመናገር መድረክ ላይ መውጣቷ ነው። ከላይ የጠቀስነውን ሁለተኛ ነቀፋ የሚነቅፉን ወንድሞቻችን ይህን እንዲያስቡበት እንለምናለን። ሮብሰን በበኩሉ በ1943 ኦቴሎን በኒውዮርክ ብሮድዌይ ተጫወተ፤ ቴአትሩም 296 ጊዜ ታየ። በ1950 መንግሥቱ የጉዞ ወረቀቱን ነጥቆት እስከ 1958 ድረስ ከአገሩ እንዳይወጣ አግዶት ከቈየ በኋላ፣ በ1959 በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ እንደገና ኦቴሎን ለመጫወት በቃ።

የመጀመሪያውን ነቀፋ የሚመለከተው የ1932 ታሪክ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የድራማ ማኅበር በዚያ ዓመት «ሮሜዎና ጁልየት»ን ለማሳየት አሰበ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጆርጅ ዴቪን የሚባል ተማሪ ነበር። ይህ ልጅ ድፍረቱ አያልቅምና በዚያን ጊዜ በሎንዶን ስሙ የገነነውን ጆን ጊልጉድን መጥተህ አዘጋጅልን ብሎ ጠየቀው። ጊልጉድ ከዚያ በፊት ቴአትር አዘጋጅቶ አያውቅም፤ ግን እሺ አለ። ሴቶች በማኅበሩ አባል መኾን ስላልተፈቀደላቸው የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱ ባለሙያዎች ከውጭ መጋበዝ ነበረባቸው። (ይህን በመሰለ ነገር ኦክስፎርድን መምሰል እንደማያስፈልገን በዚህ አዳራሽ ያሉት እኅቶቻችን ይመሰክራሉ።) ጊልጉድ ሞግዚቷን እንድትጫወት ኤዲት ኤቫንስን፣ ጁልየትን እንድትጫወት ደግሞ በሳቮይ ዴስዴሞናን ስትጫወት አይቷት የነበረችውን ፔጊ አሽክሮፍትን ጠራ።

በዚያ ዝግጅት ውስጥ ከሙዚቀኞቹ እንደ አንዱ ኾኖ አንዲት መሥመር ብቻ የሚናገር ተማሪ ነበር። ጁልየት ሞታለች ተብሎ በሚለቀስበት ሰዓት ያችን አንዲት መሥመር ሲናገር ሕዝቡ ሳቀበት። ተማሪው ቴሬንስ ራቲጋን ይባል ነበር። በትወና አልቀናውም፤ በድርሰት ግን ከእንግሊዝ ታላላቅ የቴአትር ደራሲዎች አንዱ ኾነ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ «ጥልቁ ሰማያዊ ባሕር» የተባለውን ከሁሉ የበለጠ ሥራውን ለመድረክ ሲያበቃ የዋናዋን ሴት የሄስተርን ክፍል የተጫወተችው ያቺው የኦክስፎርዷ ጁልየት ናት። ሊቀ መንበሩም ጆርጅ ዴቪን በ1956 በሎንዶን ሮያል ኮርት ቴአትርን ለአዳዲስ ደራሲዎች የከፈተው ሰው ነው። በዚያው ዓመት ፔጊ አሽክሮፍት በእርሱ አዘጋጅነት የብሬሽትን «የሴቹዋን ደግ ሴት» በዚያ ተጫወተች። አንድ የተማሪዎች ትርኢት ይህን ያህል ሰው አገናኘ።

ጁልየትነቷ በኦክስፎርድ አላበቃም። በ1935 ጊልጉድ ያንኑ ቴአትር በሎንዶን ኒው ቴአትር አቀረበው። እርሱና ሎረንስ ኦሊቪየ ሮሜዎንና መርኩሺዎን እየተለዋወጡ ሲጫወቱ ጁልየትን ያልለወጧት እርሷን ነው። 186 ጊዜ ታየ።

በዚሁ በ1935 አልፍሬድ ሂችኮክ «39ኙ ደረጃዎች» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ትንሽ ክፍል ሰጣት። ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው ገድሏል ተብሎ የሚፈለገው ሰው በስኮትላንድ ተራራ ውስጥ በአንድ ገበሬ ቤት ያድራል። ገበሬው ሽማግሌ፣ ቆንቋናና ቀናተኛ ነው፤ ሚስቱ ወጣት ናት። ሴትየዋ ስለ ከተማ ትጠይቀዋለች፤ የከተማ ሴቶች የእግራቸውን ጥፍር ቀለም ይቀባሉ ሲባል እውነት ነው ወይ ትላለች። ሌሊት ፖሊስ ሲመጣ የባሏን ካፖርት አልብሳ ታስመልጠዋለች፤ በካፖርቱ ኪስ የነበረው የመዝሙር መጽሐፍም በኋላ ጥይት ያቆምለታል። እርሷ ግን እዚያው ከባሏ ጋር ትቀራለች። ፊልሙ ስለ ስለላ ነው፤ በእኛ ግምት ግን ከስለላው ሁሉ ይልቅ ከልብ የማይወጣው ያ የሴትየዋ ፊት ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙሉ የትዳር ታሪክ ይነበብበታል።

ይህንንም ያልነው አንድ የሚያሳዝን ነገር ስላለ ነው። ከ1935ቱ ጁልየት ዛሬ የቀረልን ፎቶግራፍና ያዩት ሰዎች ቃል ብቻ ነው። ፔጊ አሽክሮፍት የዕድሜዋን ዋና ክፍል ለመድረክ ሰጠች፤ በፊልም የሠራችው ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በጊዜዋ ከነበሩ የሲኒማ ኮከቦች ይልቅ ስሟ በውጭ አገር ሳይሰማ ኖረ። እርሷም ይህን ሳታውቅ ያደረገችው አይመስለንም። የምትፈልገው አብሮ የሚኖርና አብሮ የሚሠራ የተዋናዮች ጓድ እንጂ ብቻዋን የምታበራበት መድረክ አልነበረም። ፒተር ሆል የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አዘጋጅ በስትራትፎርድ ተዋናዮችን ለብዙ ዓመት በውል የሚያቆይ ቋሚ ጓድ ለማቋቋም ባሰበ ጊዜ ነገሩን አስቀድሞ ያማከረው እርሷን ነው፤ እርሷም ወዲያው ተስማማች። በ1956 ዴም የተባለውን የክብር ማዕርግ ተቀብላ ነበርና እርሷ ከገባችበት ሌላው ለመግባት አልፈራም። የሮያል ሼክስፒር ኩባንያ የሚባለው በዚህ ዓይነት ተጀመረ። በ1960 ገና ዝናው ካልወጣው ከፒተር ኦቱል ጋር «የተገራችው ቁጡ»ን ስትጫወት ዕድሜዋ 52 ነበረ።

በ1963 ደግሞ «የጽጌረዳዎች ጦርነት» በሚል ስም ከሼክስፒር የነገሥታት ድርሰቶች ተውጣጥቶ በሦስት ተከታታይ ቴአትር የቀረበውን ታሪክ ተጫወተች። የአንዡዋ ማርጋሬትን ኾና ከፈረንሳይ እንደመጣች ልጃገረድ ትገባለች፤ ቀጥሎ ንግሥት፣ ቀጥሎ የጦር መሪና ጨካኝ፣ በመጨረሻም የሞቱባትን እየቆጠረች የምትራገም አሮጊት ትኾናለች። በዚያን ጊዜ 55 ዓመት ያለፋት ሴት ልጃገረድ ስትኾን ማንም አልሳቀም። ይህ ሥራ በቴሌቪዥን ስለተቀረጸ ዕድል ያለው ዛሬም ሊያየው ይችላል።

ስለ ግል ኑሮዋ ብዙ አንናገርም። ሦስት ጊዜ አገባች፣ ሦስቱም ትዳሮች ፈረሱ፤ ሁለት ልጆች ነበሯት።

የዓለም ሕዝብ ያወቃት ካረጀች በኋላ ነው። በ1984 ስለ እንግሊዝ አገዛዝ በህንድ መጨረሻ የሚናገረው «የዘውዱ ዕንቍ» የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲታይ፣ ባርቢ የተባለችውን ብቸኛ ሚስዮናዊት ተጫወተች። በዚያው ዓመት በዴቪድ ሊን «ወደ ህንድ ጉዞ» ፊልም ውስጥ ሚስዝ ሙርን ኾነች፤ ለዚህም በ1985 በረዳት ተዋናይነት የኦስካርን ሽልማት አገኘች። ዕድሜዋ 77 ነበረ። ሽልማቱን ስለ እርሷ የተቀበለችላት አንጄላ ላንስበሪ ናት። ሚስዝ ሙር በሐሰት የተከሰሰውን ህንዳዊ ሐኪም ንጹሕ መኾኑን የምታምን እንግሊዛዊት ናት። በ22 ዓመቷ ከሮብሰን ጎን የቆመችው ሴት በ70ዎቹ ዕድሜዋ ይህን ክፍል መጫወቷ ለእኛ እንግዳ ነገር አይመስለንም።

በ1991 ሰኔ ወር በሎንዶን ዐረፈች። በተወለደችበት በክሮይደን ገና በሕይወት ሳለች በ1962 የተከፈተው ቴአትር በስሟ ይጠራል፤ በ2005ም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በባለቅኔዎች ማዕዘን የመታሰቢያ ድንጋይ ተደረገላት።

ንግግራችን እዚህ ላይ ይቆማል። «ኦቴሎ»ን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶልን ስለነበር፣ አሁን ሁለት እኅቶቻችን ከአራተኛው ገቢር መጨረሻ ዴስዴሞናና ኤሚሊያ በመኝታ ሰዓት የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ያነቡልናል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የሚነቅፈንም ካለ በዚሁ ይናገር።