ማይክሮፎን ከመግዛታችን በፊት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፤ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ማይክሮፎንም እንዲሁ ነው። ማኅበራችን የባህል የሙዚቃ መሣሪያዎችን ድምፅ ለመቅረጽ ስላሰበ፣ ገንዘባችን ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ነገር ላሳስብ እወዳለሁ።

የማይክሮፎን ሁሉ ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም የአየርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። ልዩነቱ በአለዋወጡ ነው። ዳይናሚክ በሚባለው ውስጥ፣ ከስስ ሽፋን ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል በማግኔት መካከል ይንቀሳቀሳል። ጥቅሉ ክብደት ስላለው ረቂቁን ድምፅ በሚገባ አይከተልም፤ ዳሩ ግን ብርቱ ምት አይበግረውም። እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. የወጣው ሹር ኤስ ኤም 57 እስከ ዛሬ ከከበሮ አጠገብ የማይታጣው ስለዚህ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ግን ጥቅል አይሸከምም፤ ቀላሉ ሽፋን ከአንዲት ሰሌዳ ፊት ለፊት ይርገበገባል። ስለዚህ ጥፍር ክርን ሲነካ እንኳ ይሰማል። ለአብዛኛዎቹ ግን 48 ቮልት ሊላክላቸው ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሪበን ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ቀጭኑ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ግን የነፋስ ግፊት ስለሚጎዳው ከከበሮ ፊት አጠገብ አይቀመጥም።

ከበሮ ሁለት ፊት አለው። አንዱን ቆዳ ሲመቱት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ወደ ውጭ ይገፋል። በሁለቱም በኩል ማይክሮፎን ብናቆም የሁለቱ ምልክት እርስ በርሱ እየተጣፋ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። መፍትሔው የአንዱን ምልክት መገልበጥ፣ ወይም ባንድ ማይክሮፎን ብቻ ክንድ ያህል ርቆ መቅረጽ ነው።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ ጎረቤታችንን ለመቅረጽ ሄድሁ። የያዝሁት ዳይናሚክ ነበር፤ እርሳቸውን እንዳልረብሽ ብዬ ከክፍሉ ማዶ አቆምሁት። የደከመውን ድምፅ ለማጉላት መቅረጫውን ከፍ ባደርገው ሹክታውም አብሮ ጎላ፤ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብም ገባበት። የዐሥሩ ክሮች ዝዝታ፣ ማለት በገናን በገና የሚያሰኘው ድምፅ፣ ጠፋ። በመስከረም ተመልሼ እቀርጻለሁ ብዬ ነበር። አባባ ግን በነሐሴ ዐረፉ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማይክሮፎኑ አይደለም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ስምንት ርካሽ ማይክሮፎን ከመግዛት፣ ለክራር፣ ለበገና፣ ለማሲንቆና ለዋሽንት ሁለት ኮንደንሰር፣ ለከበሮ ደግሞ አንድ ዳይናሚክ ይበቃናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ የማይጠይቀው ርቀት ነው። ገላጣ በሆነ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። እጅግ ሲቀርቡም ድምፁን ከአንድ ወገን የሚቀበሉት ማይክሮፎኖች ወፍራሙን ያበዛሉ። ሁለት ተጫዋቾች ሲኖሩ፣ በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከመሣሪያው ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ይሁን።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ሲቀረጹ ማይክሮፎን አልነበረም፤ ድምፃቸውን የተቀበለው ቀንድ መሰል መለከት ነበር። በኤሌክትሪክ ሸክላ መቅረጽ የተለመደው ከ1925 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በዚያ መሣሪያ የተያዘው ድምፅ ዛሬም ይሰማል። እኛ በእጃችን የተሻለ እያለ ሽማግሌዎቻችን ሳይሰሙ ቢያልፉ ምክንያት አይኖረንም።