ያቺ ልጅ አሁን የት ናት? (በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ስለ ሸርሊ ቴምፕል የተደረገ ንግግር)



 የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በበዓል ቀን ስለ አንድ ታላቅ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ሊቅ መናገራቸው የተለመደ ነው። እኛ ግን የመረጥነው የአንዲት የሲኒማ ተዋናይት ታሪክ ስለ ሆነ አንዳንዶቻችሁ ሳትገረሙ አትቀሩም። ምክንያታችንን እንድናስረዳ ይፈቀድልን።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን «ትንሿ ኮሎኔል» የሚባል የቆየ ፊልም ታይቶ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ጠጕሯ የተጠቀለለ፤ ስትስቅ ጕንጯ ስርጕድ የሚል አንዲት ትንሽ ልጅ ደረጃ እየወጣችና እየወረደች ስትጨፍር ይዘናቸው የመጣነው ታናናሾቻችን አርፈው መቀመጥ አቃታቸው። ፊልሙ እንዳለቀ ከእነርሱ አንዱ «ያቺ ልጅ አሁን የት ናት?» ብሎ ጠየቀን። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ታላቅ ሆኖ ታናሽ የጠየቀውን አለማወቅ ስለሚያሳፍር ፍለጋ ጀመርን። ያገኘነው ታሪክ ግን ከጠበቅነው የተለየ ሆነ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸርሊ ቴምፕል የተወለደችው በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፤ ሳንታ ሞኒካ በምትባል ከተማ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነው። አባቷ ጆርጅ የባንክ ሠራተኛ ነበር። እናቷ ገርትሩድ ልጅቷን በሦስት ዓመቷ ጭፈራ ትምህርት ቤት አስገባቻት፤ ወዲያው የፊልም ሰዎች አዩዋትና ሕፃናት እንደ ትልልቅ ሰዎች ሆነው የሚጫወቱባቸው አጫጭር ፊልሞች ውስጥ ገባች። እነዚያን ፊልሞች የሚሠሩት ሰዎች ያጠፋውን ሕፃን የሚቀጡት ጨለማ ሣጥን ውስጥ ብቻውን በማስገባት ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ከበረዶ ግግር በቀር መቀመጫ አልነበረም። ይህን የተናገረችው ራሷ ናት። እኛም ይህን ካነበብን በኋላ ያንን ፈገግታዋን እንደ መጀመሪያው ቀን ሆነን ልናየው አልቻልንም።

በ1934 ዓ.ም. ፎክስ የሚባለው ኩባንያ በሳምንት 150 ዶላር ሊከፍላት ተዋዋለ። ጊዜው በአሜሪካ የሥራ መጥፋትና የድህነት ዘመን ነበር፤ ሕዝቡም ለጥቂት ሳንቲም ሲኒማ ቤት ገብቶ ይህችን ልጅ ሲያይ ችግሩን ለአንድ ሰዓት ይረሳ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ለልጆች የተሰጠውን የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት ተቀበለች። ከዚያም ዓመት ጀምሮ እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ፤ አራት ዓመት ሙሉ፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች በመሳብ ከወንዱም ከሴቱም ተዋናይ አንደኛ ነበረች። በስሟ አሻንጕሊትና ቀሚስ ይሸጥ ነበር። እናቷ በየቀኑ ጠጕሯን ስትጠቀልል ልክ 56 ጥቅል ታደርገው ነበር ይባላል፤ በዚህ ላይ ሴቶቹ የክፍላችን ልጆች ብዙ አዝነውላታል።

ልጅነቷ ገንዘብ ስለ ሆነ ልጅነቷን ለማስረዘም ተሞከረ። የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ክፍተቱ እንዳይታይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይደረግላት ነበር። ከዚህ የባሰው ግን ዕድሜዋ ላይ አንድ ዓመት ቀንሰው መናገራቸው ነው። እሷም እውነቱን አታውቅም ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ ባለች ቀን አሥራ ሦስት እንደ ሆነች ተነገራት።

ስለ ደረጃው ጭፈራ ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። አብሯት የጨፈረው ቢል ሮቢንሰን የሚባል፤ በጫማው ኮቴ ወለሉን እንደ ከበሮ የሚያናግር የታወቀ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ልጅቷ «አጎቴ ቢሊ» ትለው ነበር፤ እርምጃውንም የተማረችው በዓይኗ ብቻ ሳይሆን የኮቴውን ድምፅ በጆሮዋ እየተከተለች ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰውና ነጭ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው በፊልም መታየታቸው ትልቅ ነገር ስለ ነበረ በአሜሪካ አገር በደቡብ በኩል ባሉት ግዛቶች በሚታየው ቅጂ እጃቸው የሚነካካበት ክፍል ተቆርጦ ወጣ። እኛ ያየነው አልተቆረጠም፤ ታናናሾቻችንም ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ፤ ክፍላችንን ለሁለት የከፈለው እሱ ነውና።

ሸርሊ እያደገች ስትሄድ ሕዝቡ እንደ ቀድሞው አልወደዳትም። በ1940 ዓ.ም. ከፊልም ግቢ አስተማሪዋ ተለይታ እንደ ሌሎች ልጆች የሴቶች ትምህርት ቤት ገባች። በ1945 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመቷ አገባች፤ ትዳሩም አልጸናም። በ1950 ዓ.ም. ፊልም መሥራቱን ተወች፤ ሌላ ባልም አገባች። በዚያው ጊዜ ሒሳቧን ብትመረምር፤ ከሠራችው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ዶላር ውስጥ ለእሷ ተቀምጦ የተገኘው 44 ሺህ ያህል ብቻ ሆነ። አባቷ የባንክ ሥራውን ትቶ ገንዘቧን የሚያስተዳድር እሱ ነበር፤ ለእሷ እንዲቀመጥ የታዘዘውንም ድርሻ አላስቀመጠም። ቤተሰቡና አሽከሮቹ ኖሩበት፤ ሌላውም ባልረባ ንግድ ጠፋ።

እኩሌቶቻችን «ይህ ስርቆት ነው» አልን። እኩሌቶቻችን ደግሞ «የአባትና የልጅ ገንዘብ ምን ልዩነት አለው? ልጅ ለወላጁ ካልሆነ ለማን ይሆናል?» ብለው ተነሡ። ሁላችንም ወላጅን ማክበር ግዴታ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተማርን ስለ ሆንን «አባቴ ገንዘቤን የት አደረስኸው?» ብሎ መጠየቅ ለጆሮአችን ይከብዳል። ክርክሩ ሁለት ቀን ዋለ። በመጨረሻ በክረምት ወራት ሊስትሮ እየሠራ የሚማር አንድ ጓደኛችን ተነሣና «እኔ ሳንቲሙን ማታ ማታ ለእናቴ እሰጣታለሁ። ስንት እንደ ሆነ እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ይህች ልጅ ግን ስንት እንደ ሠራች እንኳ አልተነገራትም» አለ። ከዚህ በኋላ የተናገረ ሰው የለም።

በሕግም በኩል ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። በካሊፎርኒያ ሕግ ልጅ የሠራው ገንዘብ የወላጁ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የተጫወተው ጃኪ ኩጋን ካደገ በኋላ ገንዘቡ እንደ ጠፋ አይቶ በ1938 ዓ.ም. እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ፤ ከሚሊዮኖቹም ያገኘው 126 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። በዚህ ምክንያት በ1939 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራው ሕግ ወጣ፤ ቀዳዳው ግን ብዙ ነበር። ልጅ የሠራው የልጁ የራሱ ሀብት ነው፤ ከመቶ አሥራ አምስቱም እስኪያድግ ድረስ ይቀመጥለት የሚለው ማሻሻያ የጸናው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ሸርሊ አባቷን አልከሰሰችም። ነገሩን በዝርዝር የጻፈችው አባቷም እናቷም ካረፉ በኋላ በ1988 ዓ.ም. ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ ነው፤ በዚያም ሒሳቡን ባወቀች ጊዜ እንዳልተቆጣች ገልጣለች። ከክፍላችን ይህን የሚያምኑ አሉ፤ የማያምኑም አሉ።

የቀረውን ዕድሜዋን በአጭሩ እንናገራለን። በ1967 ዓ.ም. ለአሜሪካ ምክር ቤት ተወዳድራ ተሸነፈች። በ1969 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአገሯ ልዑክ አባል ሆነች። በ1972 ዓ.ም. የጡት ነቀርሳ ይዟት በቀዶ ሕክምና ሲወጣላት፤ ሰው በሚደብቀው በዚያ ዘመን ሌሎች ሴቶች እንዲመረመሩ ብላ በይፋ ተናገረች። ከ1974 እስከ 1976 ዓ.ም. በአህጉራችን በጋና አምባሳደር ነበረች። (ክብርት አምባሳደርን «እሷ» እያልን መናገራችን እንደ ድፍረት አይቆጠርብን፤ ለእኛ ያቺው የደረጃዋ ልጅ ሆናብን ነው።) በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ሲገቡ በአጋጣሚ በዚያች ከተማ ነበረች። በ1989 ዓ.ም. በቼኮስሎቫኪያ አምባሳደር ሆና ወደዚያችው ከተማ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ያንን መንግሥት ያለ ጦርነት ሲያወርድ ለማየት በቃች። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር በ85 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ሁሉ ለዚያ ለጠየቀን ልጅ ነገርነው። ስለ ጋናም ስለ ታንኩም ዝም ብሎ አዳመጠና «ገንዘቧስ ተመለሰላት?» አለን።

አልተመለሰላትም ብለን መለስንለት።